የጎንደር ጥድ ከስንት እናት ነው የሚወለደው?

ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። በከተማችን በየመንገዱ አካፋይና በየግቢው የምንተክለው ችግኝ የጫካውን ዘር በሙላት ይዞ ነው የሚመጣው ወይስ የጥቂት ዛፎችን ልጆች ብቻ? የዛፍ ዓይነት መቁጠር ለምደናል። ይህ ጥድ ነው፣ ያ ወይራ ነው፣ ያኛው ግራቪሊያ ነው እንላለን። አንዱ ጥድ ከሌላው ጥድ የሚለይበትን ነገር ግን የሚቆጥር የለም። አንዱ ድርቅ ይችላል። ሌላው ውርጭ ይቋቋማል። ሦስተኛው ጎረቤቶቹ በተባይ ሲደርቁ እሱ ለምልሞ ይቀራል። ይህ ልዩነት ያለው ዘረመሉ ውስጥ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚወረሰው ነገር ውስጥ ነው፤ በዓይን አይታይም።

ጥያቄውን ሳነሣ አቋሜንም አብሬ ጻፍኩ። ሺህ ችግኝ ከሁለት ዛፍ በተለቀመ ዘር ካፈላን፣ የተከልነው ደን ሳይሆን አንድ ቤተሰብ ነው። መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አርባ አራቱ ታቦት የሚባሉት የጎንደር አድባራት ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ጥድና ወይራ አላቸው። ዘሩን ከነሱ እየዞርን እንልቀም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው የጽሑፍ ውይይት፣ ረዘመ፣ 38ኛው መልስ ላይ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ስለማያነብና የተመለሰ ጥያቄ እየተደጋገመ ስለሆነ፣ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ እነግራችኋለሁ።

መልስ 1 ከማራኪ ሰፈር የመጣ ነው። በትሕትና አመስግኖ ጀመረ። ቀጥሎ ግን ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን በግልጽ ጠየቀ። በሩ ላይ ያለው ዛፍ ጥላ ከሰጠውና አፈሩን ከያዘለት፣ እናቱን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልገው አልታየውም። ሰው ችግኝ እንዲተክል ገና እየተለመነ ባለበት ጊዜ ሌላ ቅድመ ሁኔታ መጨመር ሰውን እንዳያሸሽም ሰግቷል።

መልስ 2 የጻፈው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ለእኔ የክሩ ዋና ፍሬ ከዚህ ይጀምራል። ዘር እንዴት እንደሚለቀም ምንም ሳይደብቅ ነገረን። እሱ ባለበት ቦታ ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው። ዘሩ በጊዜ ካልደረሰ ደግሞ ችግኙ ለክረምት አይደርስም። ስለዚህ ለቃሚው የሚሄደው ቅርብ ወዳለው፣ ፍሬ ወደበዛበት፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ወዳለው ዛፍ ነው። ከአንድ ዛፍ ጆንያው ከሞላለት ሌላ ዛፍ ላይ ለምን ይወጣል? ዘሩ ጣቢያ ሲደርስ ዓይነቱና ክብደቱ ይመዘገባል። ከየት ቦታና ከስንት ዛፍ እንደመጣ የሚጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። ሰውየው ማንንም አልወቀሰም። አሠራሩ ፍጥነትን እንጂ ስብጥርን እንደማይከፍል ብቻ ነው የተናገረው። እኔም ከዚህ በፊት አንድ ሌላ ችግኝ ጣቢያ ሄጄ የጥዱ ዘር ከየት እንደመጣ ጠይቄ ነበር። የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

መልስ 3 ከደን ሳይንስ ተማሪ ነው። ጉዳዩን ከስሜት አውጥታ ወደ ሥራው አስገባችው። የሐበሻ ጥድ ወንድና ሴት አለው። የወንዱን የአበባ ዱቄት የሚያደርሰው ነፋስ ነው፣ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ስለዚህ ከአንዲት እናት የተለቀመ ዘር እናቱ አንድ ብትሆንም አባቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ጫካ ውስጥ በአብዛኛው እንዲያ ነው። ከተማ ውስጥ ግን እናቲቱ ብቻዋን ቆማ፣ ያላት ጎረቤት አንድ ወንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጆንያው ሙሉ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው።

ከዚህ የባሰው የሚመጣው በሚቀጥለው ትውልድ ነው አለች። እነዚህ ወንድምና እህት ችግኞች በአንድ መንገድ ዳር በረድፍ ይተከላሉ። አድገው እርስ በርሳቸው ይዋለዳሉ። የቅርብ ዘመድ ሲዋለድ ውስጡ ባዶ የሆነ ዘር ይበዛል፣ የሚበቅለውም ይቀጭጫል። ለዘር ለቀማ በሙያው የታወቀውን መመሪያም ነገረችን። ቢያንስ ወደ 30 ከሚጠጉ እናት ዛፎች መልቀም። በዛፎቹ መካከል ከ50 እስከ 100 ሜትር መራራቅ፣ ምክንያቱም ተጠጋግተው የበቀሉ ዛፎች ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። ከእያንዳንዱም ተመጣጣኝ መጠን ወስዶ መቀላቀል። ከሃያ ዘጠኙ እፍኝ፣ ከአንዱ ጆንያ ከሆነ ሠላሳ መባሉ ከንቱ ነው።

መልስ 4 የክሩን ጠባይ ቀየረው። ሰውየው በቁጣ ነው የጻፈው። የዳቦ ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ ስለ ዛፍ ዘረመል መጨነቅ የጠገበ ሰው ጨዋታ መሆኑን ነገረን። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ዳቦና ዘረመል የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ይህን ደግሞ ከእኔ በተሻለ ያስረዳው የሚከተለው ነው።

መልስ 5 ጅማ ውስጥ በቡና ሥራ ላይ የኖረ፣ አሁን አዘዞ የሚኖር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ገና እሸት ሳለ የቡናን ፍሬ የሚያጠቁር በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገስ ነው። ማሳው ሙሉ ፍሬ ይዞ ታይቶ፣ ለለቀማ ሲደርስ ጠቁሮ የሚቀርበት ቦታ ብዙ ነበር። ባለሙያዎቹ መድኃኒት መርጨት ብቻ አልነበረም ሥራቸው። ወደ ደቡብ ምዕራቡ የቡና ጫካና ወደ ገበሬው ማሳ ገብተው፣ ዙሪያው ሲጠቁር ሳይነካ የቀረውን ነጠላ ዛፍ እየፈለጉ ለቀሙ። የተመረጡት በቁጥር ተሰየሙ፤ 741 የሚባለው ዝርያ ከነሱ አንዱ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬው መከፋፈል ጀመሩ። ሰውየው ነጥቡን ለመልስ 4 ጸሐፊ አነጣጥሮ ተናገረ። ያ ጫካ የአንድ ቤተሰብ ቡና ቢሆን ኖሮ ሳይነካ የሚቀር ዛፍ አይገኝም ነበር። ሀገሪቱም ቡና ሽጣ ስንዴ መግዛት ይከብዳት ነበር። መልስ 4 የጻፈው ሰው ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም።

መልስ 6 ወደ እንግሊዝ ወሰደን። ኤልም የሚባል ትልቅ ዛፍ የእንግሊዝን ገጠር ሞልቶት ነበር። ብዙ ዘር ስለማይሰጥ ሰዎች ያራቡት ከሥሩ በሚወጣው ቡቃያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ዛፎቹ ሁሉ በዘረመል አንድ መሆናቸውን አሳየ፤ መነሻቸው ሮማውያን ከጣሊያን ያመጡት ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሽታ ሲገባ ከ25 ሚሊዮን በላይ ኤልም ደረቀ። መልስ 7 ግን ነገሩ እንዳይጋነን አስተካከለ። በሽታውን የሚያዛምተው ጥንዚዛ ነው፣ የገባውም ከውጭ በመጣ ግንድ ነው። በአሜሪካና በሌላው አውሮፓ በዘረመል አንድ ያልሆኑ ኤልሞችም በብዛት ሞተዋል። አንድ ዓይነት መሆን በሽታውን አልፈጠረውም፤ ከሞት የሚተርፍ ልጅ የመገኘቱን ዕድል ነው ያጠፋው። እንዲህ ያለ እርማት ውይይትን ያከብራል።

መልስ 8 የከተማችን አንድ ደብር አገልጋይ የሆኑ አባት የጻፉት ነው። በልጃቸው ስልክ እንደጻፉ ገልጸው፣ ሁላችንንም ልጆቼ ብለው ባርከው ጀመሩ። ሰው ሲዳር ሰባት ቤት እንደሚቆጠር አስታወሱን። የሚጋቡት እንዳይዛመዱ ሽማግሌ ተቀምጦ የአያት የቅድመ አያት ስም ያወጣል። ለሰው ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕዝብ ለዛፉ አለመቁጠሩ እንዳሳዘናቸው ጻፉ። እኔ በብዙ መስመር ያልቻልኩትን በዚህ ጨረሱት።

ከዚያ ስለ ደብሩ ዛፍ አወጉን። ከአጸዱ ዛፍ ቆርጦ ወደ ቤት መውሰድ ነውርም ፍርሃትም ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ሲነዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ንብ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ ይነገራል። ዛሬም ጥዶቿ ዙሪያዋን ከበዋት ቆመዋል። አባታችንን የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነው። አሮጌው ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ግን ልጅ የለም። ለንግሥ የሚመጣው ሕዝብ ይረግጠዋል፣ የገባው ከብት ይበላዋል፣ ለጽዳት ተብሎ ይታጨዳል። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ ምን እንደሚተካቸው ጠየቁን።

መልስ 9 ላይ ተማሪዋ ተመለሰች። አባታችንን እርስዎ ብላ፣ እጅ ነሥታ ነው የመለሰችላቸው። ያዩት ነገር በሳይንስም የታወቀ መሆኑን ነገረቻቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዞረው የአጸዱን ደን ለዶክትሬት ጽሑፋቸው አጥንተዋል። የሀገር በቀል ዛፍ ዘር የቀረው በአብዛኛው እዚያ ነው። ከብት እንዳይገባ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ ማጠር ችግኙን እንደሚያድነውም ከዚያ በኋላ በተሠራው ሥራ ታይቷል።

ዘረመሉን በተመለከተ ያለችው ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ዛፍ ረጅም ዕድሜ አለው። ዛሬ በአጸዱ የቆመው አሮጌ ጥድ የተወለደው ዙሪያው ገና በደን የተሸፈነ ሳለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የያዘው ዘረመል የዚያ ትልቅ ደን ነው። ሽማግሌዎቹን ብንመረምር ስብጥሩ ያልተነካ ይመስለናል። ጉዳቱ የሚታየው በልጆቻቸው ላይ ነው፤ እነሱ የተጸነሱት ደኑ አልቆ አጸዱ ደሴት ከሆነ በኋላ ነው። አሮጌዎቹ ቆመው ሳለ ከብዙ አጸድ ዘር ወስዶ መቀላቀል የሚቻልበት ጊዜ ይህ ነው። ሲወድቁ ይዘውት ይሄዳሉ።

መልስ 10 ሻካራ ነበር። ጸሐፊው አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ሀገር በቀሉን ትተው ባሕር ዛፍ እየተከሉ ስለሆነ የዘር ባንክ ተደርገው መወደሳቸው እንዳልተዋጠለት ተናገረ። መልስ 11 ላይ አባታችን ሳይቆጡ፣ ሳያፈገፍጉም መለሱለት። የአብነት ተማሪ ይበላል፣ ጣሪያ ይፈሳል፣ መቃኞ ይታደሳል። ወይራ ለገንዘብ እስኪደርስ የልጅ ልጅ ይደርሳል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት አጣና ይሆናል። ደብሩ ባሕር ዛፉን ከአጸዱ ውጭ ቢተክልና አጸዱን ለጥድና ለወይራ ቢተው ምን ክፋት አለው አሉ። እኔ በዚህ ከአባታችን ጋር ነኝ።

ከ12 እስከ 16 ያሉት መልሶች ስለ ባሕር ዛፍ ብቻ ናቸው። ምንጭ ያደርቃል፣ አያደርቅም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባይገባ ኖሮ የቀረው ጥድ ሁሉ ማገዶ ሆኖ ያልቅ ነበር። አንዷ እንጀራዋን በምን እንደምትጋግር ጠይቃ ነገሩን ዘጋችው። ይህ ክርክር ሌላ ቦታ ብዙ ተደርጓል።

መልስ 17 በጥበብ ወደ ጉዳያችን መለሰን። የመጡ ዛፎች ራሳቸው የዘር ጥበት ታሪክ አላቸው። ባሕር ዛፍ በራሱ የአበባ ዱቄት ሲጸንስ ልጁ ቀጭጮ ያድጋል። የፈረንጅ ጥድን የሚመጥ ትንሽ ተባይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታይቶ፣ ወደ ኬንያና ወደ ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች ተስፋፍቶ ብዙ ደን አድርቋል። በዚያ ሁሉ መካከል ግን አንዱ ዛፍ ደርቆ ጎረቤቱ የተረፈበት ጊዜ አለ። ያ የተረፈው ዛፍ የሚፈለገው የዘር ልዩነት ማስረጃ ነው።

መልስ 18 ከፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ካደገ ወጣት ነው። በከተማው ኩራት ተሞልቶ፣ በመዋኛው ግንብ ላይ ሥራቸውን የዘረጉትን ትልልቅ ዛፎች ንጉሡ ራሳቸው እንዳስተከሏቸው ጻፈ። መልስ 19 የጻፈው አስጎብኚ ነው፤ በእርጋታ አረመው። ሥሮቹ ድንጋዩን አቅፈው ወደ መሬት የወረዱት ዛፎቹ ከግንቡ በኋላ ስለመጡ ነው። የሾላና የዋርካ ዘመዶች እንዲህ ይበቅላሉ። ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ግንብ ስንጥቅ ላይ ይጥለዋል። ሥሩ አፈር ፍለጋ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል።

ተማሪዋ በመልስ 20 የጨመረችው ብዙዎቻችንን አስገርሟል። የሾላ ቤተሰብ አበባው ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። ዱቄቱን የምታደርስለት የራሱ የሆነች ኢምንት ተርብ አለችው፤ በአብዛኛው ለየዓይነቱ ለየብቻ ተርብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ናሚቢያ ውስጥ በኡጋብ ወንዝ ዳር ያሉ ዛፎችን ዘረመል መርምሮ፣ ተርቧ በነፋስ ተሳፍራ ዱቄት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ማድረሷን አሳይቷል። ዛፉ እኛም አገር ያለው፣ ባምባ የምንለው ነው። እንግዲህ በመዋኛው ግንብ ላይ ያለው የሾላ ዘመድ አባቱ ከከተማው ብዙ ርቆ ያለ ዛፍ ሊሆን ይችላል።

ለእኔ ይህ የክሩ ትልቁ ትምህርት ነው። የከተማ ዛፍ ዘሩ ጠባብ ነው፣ የጫካው ሰፊ ነው ብሎ በጅምላ መፍረድ አይቻልም። ሾላ መንገድ ዳር ብቻውን ቢቆም እንኳ ከሩቅ ዘመዶቹ ጋር ይገናኛል። ጥድ ሴት ብቻ ሆና ከቆመች ባዶ ፍሬ ትይዛለች። ከተለያየ ቦታ በመጣ ዘር የተተከለ የከተማ ጥድ ደግሞ ከተጨፈጨፈና ከተከበበ ጫካ የበለጠ ስብጥር ሊኖረው ይችላል። የሚወስነው የዛፉ ጠባይና የዘር ለቃሚው እጅ ነው።

ከ21 እስከ 23 ስለ አቮካዶ ነው። አንዱ የተከተበ፣ ማለትም የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት፣ አቮካዶ ተክሎ ጎረቤቱ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ፍሬ በማግኘቱ ተደስቶ ጻፈ። ሌላው ሃስ የሚባለው አቮካዶ በዓለም ሁሉ ያለው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከበቀለ አንድ ዛፍ በመክተብ የተራባ መሆኑን ነገረው። ለገበያ ጥሩ ነው፣ ለበሽታ አደገኛ ነው። ሦስተኛው ችግኙ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀ፣ ዋጋም ተነገረው።

መልስ 24 ከደባርቅ አካባቢ የሆኑ እናት ናቸው። ስለ ኮሶ ጻፉ። ኮሶም ወንድና ሴት አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቷ አበባ ነው፣ ቀላ ያለው። እሳቸው ባሉበት ሴቷ ትጠበቃለች፣ ወንዱ ለእንጨት ይቆረጣል። ይህ ጥያቄያችንን ይነካ እንደሆነ ጠየቁ። በደንብ ይነካል። አንድ ወንድ ብቻ ከተረፈ የመንደሩ ኮሶ ሁሉ አባቱ አንድ ይሆናል።

መልስ 25 እና 26 ላይ ነገር ከረረ። አንዱ የተማሩት ሰዎች ጥናታቸውን ከመደርደሪያ አውርደው ለገበሬ ነግረው እንደማያውቁ ጻፈ። ሌላው ደግሞ ገበሬው ቢነገረውም እንደማይሰማ መልሶ ሰደበው። ስድቡን አጠፋሁት፣ ሐሳቡን ተውኩት። ገበሬን መስደብ እዚህ ቦታ የለውም። ኮሶን ወንድና ሴት ብሎ ለይቶ ያስተማረን የገጠሩ ሰው ነው።

መልስ 27 ስብጥር ከተፈለገ ለምን ከቦረና የጥድ ዘር አናስመጣም የሚል ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻ ሱባን ደን ሲያስተክሉ ዘሩን ከወፍ ዋሻ እንዳስመጡ የሚተረከውን ጠቀሰ። ጥሩ ምሳሌ ነው። መልስ 28 ግን ጥንቃቄ ጨመረበት። ወፍ ዋሻና መናገሻ ሁለቱም የሸዋ ደጋ ናቸው። የቦረና ጥድ የለመደው ሌላ ዝናብና ሌላ ወር ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ሆና፣ ዝናቧ በአንድ ክረምት ተጠቃሎ ይወርዳል። ዛፍ ለቦታው በብዙ ትውልድ ይለምዳል። ከሩቅ የመጣ ዘር ችግኝ ሆኖ ቢያምርም በክፉ ዓመት ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ ተመሳሳይ ከፍታና ዝናብ ካለው አካባቢ፣ ከብዙ ቦታ መልቀም ይሻላል።

መልስ 29 በዚህ አልተስማማም። ከተማ እንደ ጫካ አይደለም፤ አስፋልቱ ይሞቃል፣ ሥሩ በኮንክሪት ይታፈናል፣ አፈሩ ፍርስራሽ ነው። ስለዚህ የአካባቢ ዘር ነው ተብሎ ብቻ ለአካፋይ ተስማሚ ሊሆን አይችልም። ይህ እውነት አለው። ሁለቱ ግን አይጣሉም። በከተማው ሙቀት የትኛው ችግኝ እንደሚጸና ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለዚያ ነው ልዩ ልዩ እናቶች የሚያስፈልጉት፤ ከመካከላቸው የሚጸናው እንዲገኝ።

መልስ 30 የከተማ ዛፍ ተካዮች የሚጠቀሙበትን የ10፣ 20፣ 30 ደንብ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 የቀረበ ነው። አንድ የዛፍ ዓይነት ከከተማው ዛፍ ከ10 በመቶ፣ አንድ ወገን (የሚቀራረቡ ዓይነቶች ስብስብ) ከ20 በመቶ፣ አንድ ቤተሰብ (የሚቀራረቡ ወገኖች ስብስብ) ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። መልስ 31 ደንቡ ዓይነትን እንጂ ወንድማማችነትን እንደማይቆጥር አስታወሰ። ጥድ 10 በመቶ ብቻ ሆኖ ያ ሁሉ ከአንድ እናት ሊሆን ይችላል።

መልስ 32 የዚያው የመልስ 4 ጸሐፊ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ አልተሳደበምም። ግቢው ያለው ጥድ ወንድ ይሁን ሴት እንዴት እንደሚለይ ብቻ ጠየቀ። ተማሪዋ በመልስ 33 ነገረችው። ሰማያዊ ጥቁር ክብ ፍሬ የያዘች ሴት ናት። ወንዱ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቢጫ ቢጫ የሚሉ ጥቃቅን ነገሮችን ያወጣል፣ ሲነቀነቅም ዱቄት ይበናል። ፍሬው ተፈልፍሎ ዘሩ ውኃ ውስጥ ይደረጋል። ሙሉው ይሰጥማል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። አብዛኛው ከተንሳፈፈ በአካባቢው በቂ ወንድ የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

34 እና 35 ዘር ለቀማውን ማን የት እንደሚጀምር ነው። ቁስቋም፣ አጣጣሚ ሚካኤልና ፊት አቦ ተነሡ። አባታችን በመልስ 36 ገብተው፣ ማንም ሰው አጸድ ውስጥ ዘር ከመልቀሙ በፊት የየደብሩን አስተዳዳሪ እንዲያስፈቅድ፣ ቅርንጫፍም እንዳይሰብር አዘዙን። ለየደብሩ ሊያስፈቅዱልን ፈቃደኛ ናቸው።

መልስ 37 የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ነው። አዲስ ቅጽ አዘጋጅቶ ዓምዶቹን ጻፈልን። የደብሩ ወይም የጫካው ስም፣ ከፍታው፣ ዘር የተለቀመባቸው እናት ዛፎች ብዛት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ ቀኑ፣ የለቃሚው ስም። ክፍያው በኪሎ መሆኑ ቀርቶ በእናት ዛፍ ብዛት ቢሆን የተሻለ እንደሚሆንም ሐሳብ አቀረበ። ይህን የሚወስነው እሱ አይደለም፣ ቅጹን ግን ራሱ መሙላት ይችላል። የጎደለ ዓምድ ካለ እንድንነግረው ጠየቀ።

መልስ 38 ላይ ተማሪዋ አንድ ዓምድ አስጨመረች። ችግኙ የተተከለበት መንገድ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ መንገድ ላይ ያሉት ጥዶች በአንድ ጊዜ መድረቅ ቢጀምሩ፣ የሚመለከተው ሰው ወንድማማቾች መሆን አለመሆናቸውን ቅጹን ገልጦ ያውቃል፤ የነሱ እህቶች የተተከሉበትን ሌላ መንገድም ሄዶ ቀድሞ ያያል።